አባቴ ምላጭ ያሉኝ ጊዜ

በሱቄ ውስጥ ምላጭ የሚቀመጠው በክብሪቱና በሻማው መካከል ነው። ዓለም ከተማ ገበያ ዳር ባለችው በዚህች ጠባብ ሱቅ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ፊደልም የለየሁት እዚሁ ነው፤ ከካርቶን ላይ፣ ደንበኛውን ሁሉ «ይቺ ማን ትባላለች?» እያልሁ። በገዛ እጄ መጀመሪያ የጻፍሁት ቃል ራሱ «ምላጭ» ነው። በቀይ እስክርቢቶ ጽፌ መደርደሪያው ላይ ለጠፍሁት፤ «ጭ»ዋ ተንጋዳ እስከ ዛሬ አለች። እንግዲህ አባቴ ከግሼ ደውለው «ምላጭ» ሲሉኝ ሌላ ነገር እንዳስብ ማን ይጠብቅብኛል?

ይህን የምለው ራሴን ለማጽደቅ ነው። እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የአባቴ ቤት ከራቤል በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ስልክ ለመደወል ከቤታቸው በላይ ያለውን ኮረብታ መውጣት ነበረባቸው፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ነፋሱ ከሳቸው እኩል ይናገራል። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ደወሉ።

«እቴ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ አባዬ። ደኅና ነዎት?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ባልንጀራዬ ነው ከአልጋ አልነሣ ያለው። የጨነቀኝ ምላጩ ነው። ደርቆ እምቢ አለኝ። እዚያ ከተማ ሌላ አይገኝም?»

«ኧረ ሞልቷል! ስንት ልላክልዎ?»

ነፋስ ገባበት። «ስንት?» አሉ። «አንድ ነዋ! ስንት ያደርግልኛል?»

«አንድማ አይበቃዎትም። ሦስት ፓኬት እልካለሁ።»

የመለሱትን ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።

የታመመ ባልንጀራቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ጢማቸውን መላጨት ፈልገው ይሆናል ብዬ ሆዴ ባባ። ወደ ራቤል የሚሄድ ሾፌር ፈልጌ ሦስት ፓኬት ምላጭ ላክሁ፤ ሳሙናም መረቅሁበት። በራሴም ኮራሁ። ሾፌሩ ሲመለስ በሱቁ በኩል አለፈና «አባትሽ ፓኬቱን ፈተው አዩት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ በላት አሉኝ» አለኝ። እኔ ምርቃቱን ሰማሁ። ብዙ ዝም ማለታቸውን አልሰማሁም።

አባቴ የጠየቁኝ የጠመንጃ ምላጭ ነበር። ያችን ከጠመንጃው ሆድ ሥር በቀለበት ውስጥ የተንጠለጠለችውን፣ ጣት ሲስባት ጥይት የምታስነሣዋን ትንሽ ብረት። ጢም የሚላጨውም እሷም በአማርኛችን ስማቸው አንድ ነው። ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ባደግሁበት ቤት ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሱቁ አስረስቶኝ ነው።

ጠመንጃው ምንሽር ነው፤ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ብረቱን በእጅ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት የሚጠይቀው፣ ያረጀው ዓይነት። አባቴና ባልንጀራቸው በጉብዝናቸው ጊዜ አንዱ ወይፈን፣ አንዱ በጎች ሸጠው በጋራ የገዙት ነው። ዓመት በዓመት ቤት ይቀያየር ነበር፤ አንድ ዓመት እኛ ቤት፣ አንድ ዓመት እሳቸው ቤት። አደን እንደ ዛሬው ሳይከለከል ሁለቱ ወደ ወንጪት ገደል እየወረዱ ድኩላና ሰስ ያድኑበት ነበር። ጠመንጃው አንድ ስለሆነ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ያያል። በዚህ ምክንያት የማያልቅ ክርክር ነበራቸው።

ምላጩ ከተገዛም ጀምሮ ከባድ ነበር። አባቴ ያማርሩታል፤ ባልንጀራቸው ግን ይወዱታል። ልጅ ሆኜ ደጃችን ላይ ቁጭ ብለው ቋንጣ ሲዘለዝሉ የሰማሁት ወግ አለ።

«ይቺ ምላጭ ቀላል ብትሆን ኖሮ እናትየዋን ድኩላ ገድያት ነበር» አሉ ባልንጀራቸው። «ስቤ ስቤ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግልገሏ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች። መለስሁት። ከባድ ምላጭ ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜ ይሰጣል።»

«ውሸቱን ነው!» አሉ አባቴ ወደ እናቴ ዞረው። «ጣቱ ደክሞት ነው የተወው። ግልገሏን ያያት ቤት ከገባ በኋላ ነው።»

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ባልንጀራቸው ግን አልሳቁም፤ ቢላዋቸውን ይዘው «አየኋት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ገደሉ ውስጥ ነብር አባቴ ላይ ወረደባቸው። ጠመንጃው የነበረው በባልንጀራቸው እጅ ነው። ነብሩና አባቴ አንድ ላይ ሲንከባለሉ ባልንጀራቸው ተኮሱ፤ ነብሩ ወደቀ፤ አባቴ በትከሻቸው ላይ የጥፍር ጠባሳ ይዘው ተነሡ። በዚያው ቀን፣ ደሙ ገና ሳይደርቅ፣ ቃል ተገባቡ። ማንም ቀድሞ ቢሞት፣ የቀረው በቀብሩ ላይ በዚሁ ጠመንጃ፣ በገዛ ጣቱ አንድ ጥይት ይተኩስለታል።

እንግዲህ አባቴ ኮረብታ ወጥተው የደወሉልኝ ለዚህ ነበር። ባልንጀራቸው እየደከሙ ነበር። የአባቴ ጣት ደግሞ በቁርጥማት ደርቆ ያንን ከባድ ምላጭ መሳብ አልቻለም። እኔ ሦስት ፓኬት ላክሁላቸው።

ባልንጀራቸው ከስልኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖሩ። ይህችን ሦስት ሳምንት እስካሁን አልረሳትም። ሊያርፉ ተቃርበዋል የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስና በእግር ተጉዤ ከቀብሩ ደረስሁ።

ፍትሐቱ አለቀ፤ አስከሬኑ ገባ። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወዳለው ሜዳ ወጣ። በዚህ ዘመን ተኩስ ሰው ያስደነግጣል። ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ለቀበሌው ነግረው፣ ለመንደሩ አስነግረው፣ ለአባቴ አንዲት ጥይት ብቻ አስፈቅደውላቸዋል። አባቴ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሡና ጮክ ብለው «አንተ! ባለ ቃል ነኝ!» አሉ።

ሴቶቹ ሁላችንም ጆሯችንን በጣታችን ደፈንን።

ጠበቅን። አባቴ ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንዲት ሴት ጣቷን ከጆሮዋ አወጣች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ አወጡ። እኔ ብቻ ደፍኜ ቀረሁ። አባቴ በአመልካች ጣታቸው ላይ የመሐል ጣታቸውን ደረቡና እንደገና ሞከሩ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ጠመንጃውም ሐዘን ገብቶታል» አለ። ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ከሟቹ ዘመዶች አንዱ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ጠጋ ብሎ «ይስጡኝ አባቴ፣ እኔ ልተኩስልዎ» አለ።

«ቃሉ ያንተ ነው እንዴ?»

«አይ፣ እርስዎ እንዳይደክሙ ብዬ...»

«እንግዲያው ተወኝ።»

ጠመንጃውን አወረዱ። ጥይቷን አወጡና ኪሳቸው ከተቱ። ሕዝቡ መካከል መንገድ ተከፈተላቸው። በዚያች መንገድ ማንንም ሳያዩ አለፉ።

ቤት ስንገባ ጠመንጃውን መደቡ ላይ አስተኝተው ከጎኑ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ያዝሁት። የጣታቸው አንጓዎች እንደ ባቄላ አብጠዋል።

«አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለው?»

«ምላጩ ነዋ። በስልክ ነግሬሽ አልነበረም?»

የዚያን ጊዜ መስኮቱን አየሁ። ሦስቱ ፓኬት፣ ከነሳሙናው፣ ተደርድሮ ተቀምጧል። አንዱ ብቻ ተከፍቷል። ተነሥቼ የተከፈተውን አነሣሁት።

አባቴ ፊቴን አዩ። ሊያጽናኑኝ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ቀን እንኳ ቀለዱልኝ። «ምንም አይደል። ጥሩ ምላጭ ነው የላክሽው። ጠመንጃው ውስጥ ግን አልገባ አለኝ።»

አለቀስሁ እንጂ አልሳቅሁም። «ለምን መልሰው አልደወሉልኝም?» አልኋቸው።

«ሦስት ፓኬት ሙሉ ልከሽ፣ ይህ አይደለም ልበልሽ? ደግሞም» አሉ፣ ጠመንጃውን እየዳበሱ፣ «የኔው ጣት ይበረታ ይሆናል ብዬ ነበር።»

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርሁ። ምላጭ ብዬ ምን እንደላክሁ ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ ሊስቁ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሲዞሩ ግን ዓይናቸው እንባ አቅሯል። «አርባው አለ» አሉኝ። «በአርባው ቀን አንዲቷን ጥይት ይተኩስ። ቀበሌውን እኛ እንነግረዋለን።»

አሥራ ሁለቱ ካለፈ በኋላ አባቴን በበቅሎ አስቀምጬ፣ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ የመሣሪያውን ፈቃድ በላስቲክ አድርጌ ጡቴ ሥር ወሽቄ ራቤል ወረድን። እዚያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ በርና መስኮት የሚበይድ፣ አሮጌ ጠመንጃም የሚያውቅ ብረት ሠሪ ነበር። መጀመሪያ ፈቃዱን አነበበ። ከዚያ ጋቢውን ገለጠና አፏጨ።

«እትዬ፣ ይህ ጠመንጃ እኮ በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣል።»

«ይበልጥ እንደሆነ አክብረው» አሉት አባቴ።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁሞ በሞርሳ አሠረው። ከዚያ ያደረገውን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነው። ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣ፤ አፉን በሁለት በኩል በስቶ ሲባጎ አሠረበት፤ ሲባጎውን በምላጩ ላይ አንጠለጠለው። ከጆንያ ገብስ በእፍኙ እየዘገነ ጣሳው ውስጥ ይጨምር ጀመር። አምስት እፍኝ፤ ምላጩ አልተንቀሳቀሰም። አሥር፤ አልተንቀሳቀሰም። ጣሳው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሃያኛው እፍኝ ላይ፣ ቀጭ አለ።

«ሃያ እፍኝ!» አለ። «አባቴ፣ ይህን ሲስቡ የኖሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔና አንድ ሰው» አሉ አባቴ።

ብረት ሠሪው ከዚህ ዓይነት ከተሰበረ ሌላ ጠመንጃ የወጣ ምላጭ ነበረው። እሱን አስማማው፤ ሞረዱን አንሥቶ ሲያስልና በዘይት ሲያሽ፣ ሞላውን አውጥቶ በሌላ ሲለውጥ ግማሽ ቀን ዋለ። እየደጋገመ ጣሳውን ያንጠለጥላል፤ ገብሱን ይቆጥራል። አሥራ ስድስት። አሥራ ሦስት። አሥር እፍኝ ላይ ሲደርስ እጁን ጠረገ።

«ከዚህ በታች አላወርድም። ከዚህ ከወረደ በሳል ይተኩሳል፤ ሰው ያስጨርሳል። አሁን ጣትዎን ያምጡ።»

«ጣቴም ከጠመንጃው ጋር ነው የሚጠገነው?»

«ጣት መጠገን ብችል ኖሮ በር ስበይድ እውል ነበር?»

ሦስታችንም ሳቅን። የአባቴን ክንድ ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። ሲባጎውን በአመልካች ጣታቸው ላይ አጠለቀና ጣሳውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ለቀቀው። ገብስ እየጨመረ «ይሳቡት» ይላል፤ አባቴ ይስባሉ። አንድ እፍኝ ተነሣ። ሁለት ተነሣ። ሦስት፤ አራት። አምስተኛው ላይ ጣሳው ነቅነቅ አለና ቀረ። አባቴ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ሞከሩ። ቀረ።

ምላጩ አሥር፣ ጣታቸው አራት። ብረት ሠሪው ምስማር አንሥቶ በጣሳው ውስጥ፣ አሥር እፍኝ የሚደርስበት ላይ፣ ዙሪያውን ጫረበት።

«አርባው መቼ ነው?»

«ሃያ ስምንት ቀን አለው» አልሁ።

«ጣሳዋን ይውሰዷት አባቴ። ጧት ጧት ያንሡ። በርትተው ሲያነሡት አንድ እፍኝ ይጨምሩ። ገብሱ እዚህች ጭረት ላይ የደረሰ ቀን ምላጩ ይታዘዝልዎታል።»

አባቴ ጣሳውን ታቅፈው በበቅሎ ተመለሱ። አሮጌውን ምላጭ ለምነው ተቀብለው፣ በጨርቅ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱት። «እሱ ይወደው ነበር» አሉኝ።

እኔ ወደ ሱቄ መመለስ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮረብታው ላይ ወጥተው ይደውሉልኝ ጀመር።

«አምስት ሆነ።»

«እሰየው!»

«እኔም ገርሞኛል።»

በሁለተኛው እሑድ «ሰባት» አሉኝ። ሱቅ ውስጥ የቆሙት ደንበኞች «ምኑ ነው ሰባት?» ሲሉኝ «የአባቴ ጣት!» አልኋቸው። እነሱም ከዚያ ወዲያ ጭንቀቱን ተጋሩኝ፤ ሻማ ልትገዛ የመጣችው ሁሉ «ጣት እንዴት ነው?» ትላለች። በሦስተኛው እሑድ ነፋሱ በርትቶ ነበር። የግሼ ኅዳር ታውቃላችሁ፤ ውርጩ ጧት ጧት ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኖ ያድራል።

«ብርዱ እጅዎን አልጎዳዎትም?» አልኋቸው።

«ብርድ ምን ያደርገኛል። እቴ...»

«አቤት አባዬ።»

«አሥር። ጭረቱን ነካ።»

እልል አልሁ። እዚያው መደርደሪያው ሥር፣ አንድ እጄ ስልኩን እንደያዘ፣ እልልታዬን አቀለጥሁት። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ሰርግ መስሎት ቆመ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ከረሜላ አደልሁት። አባቴ ከወዲያ ማዶ ዝም ብለው ይሰሙኛል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

ለአርባው ሁለት ቀን ሲቀረው ደረስሁ። አባቴ በጎቹን ሊያዩ ወጣ ብለዋል። ቤቱ ውስጥ ገባሁ፤ ጣሳው መደቡ ራስጌ ተቀምጧል። በደስታ ላነሣው አቀፍሁት። ከባድ ነገር ሊያነሣ የተዘጋጀ ሰው ቀላል ነገር ሲያነሣ እንዴት እንደሚንገዳገድ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ተንገዳገድሁ።

ጭረቷ ከላይ ትታያለች። ገብሱ ከታች፣ የጣሳውን ወለል ሸፍኖ ብቻ ቀርቷል። በእፍኜ ሰፈርሁት። ሁለት ነው፤ ሁለተኛውም አልሞላም።

ስለዚህ ሲጨምሩ ሳይሆን ሲቀንሱ ነበር የከረሙት። በውርጩ ጣታቸው እየደረቀ፣ አራቱ ሦስት፣ ሦስቱ ሁለት ሆኖ። በየእሑዱ ኮረብታውን ወጥተው ለእኔ አምስት፣ ሰባት፣ አሥር ይላሉ። ገብሱን ወደ ጣሳው መለስሁ። ጣሳውንም ከነበረበት አኖርሁት። ሲገቡ ምንም እንዳላየ ሰው ሳምኋቸው።

የአርባው ጧት ፀሐይ ሞቅ ስትል ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡና «ያን ምላጭሽን አምጪው» አሉኝ። ለባልንጀራቸው ሐዘን ጢማቸው አድጎ ጉንጫቸውን ሸፍኗል። ከፓኬቱ አንድ ምላጭ አወጣሁ። በዚያው በላክሁት ሳሙና ፊታቸውን አረፋ አለበስሁት። በእጃቸው መያዝ እንደማይችሉ ሁለታችንም ስለምናውቅ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ቀስ እያልሁ ላጨኋቸው። ጉንጫቸው ከሥር ሲወጣ ልጅ ሆኜ የማውቀው ጉንጭ ነው፤ ሥጋው ብቻ ሄዷል።

«ይኸው ሁለቱም ምላጭ ደረሰልኝ» አሉ። ከዚያ «ጣሳውን አይተሽዋል» አሉኝ።

እጄን አነሣሁ፤ እንዳልቆርጣቸው።

«አይቻለሁ።»

«አምስት ብዬ ስነግርሽ እውነቴን ነበር። ከዚያ በኋላ ወረደ። ወርዷል ልልሽ ወጣሁ፤ አንቺ ገና ሃሎ ስትዪ ድምፅሽ ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል። ሰባት አልሁሽ። አሥር ያልሁሽ ቀን እልል አልሽ። ያን ቀን ከኮረብታው ስወርድ ጉልበቴ አልደከመኝም።»

አረፋውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው። የእኔ ሦስት ፓኬት ሦስት ሳምንት በላ። ብርዱ ሳይገባ፣ ጣታቸው ገና አራት አምስት እፍኝ በሚያነሣበት ወራት፣ አንድ ቃል በትክክል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ልፋታቸው ሁሉ በዚያ ይጀመር ነበር። ይህን ልነግራቸው ፈለግሁ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«እቴ፣ ሜዳው ላይ ከጎኔ ትቆሚያለሽ። ጣትሽን በጣቴ ላይ ታደርጊያለሽ። ምላጩን እንዳትነኪው። የኔን ጣት ንኪ።»

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ አፋፉ ወጣ። በቀብሩ ቀን የሳቁትም መጥተዋል። ሴት ልጅ ጠመንጃ አጠገብ ምን አቆማት ብሎ የተንጫጫ ቢኖርም ሽማግሌው ተቆጥተው ዝም አሰኙት። አባቴ ከኪሳቸው ያችኑ፣ አርባ ቀን አብራቸው የኖረችውን ጥይት አወጡ። ብረቱን ለመግፋት በእጄ አገዝኋቸው። ሰደፉ በትከሻቸው ላይ፣ በነብሩ ጠባሳ ላይ ዐረፈ። አፈሙዙን ወደ ወንጪት ሰማይ አቀናን።

ጣቴን በጣታቸው ላይ አደረግሁ። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀዝቃዛ ነበር።

«አንተ!» አሉ። ድምፃቸው ከቀብሩ ቀን ይልቅ ቀጠነ። «ዘገየሁብህ። ባለ ቃል ነኝ።»

ከጣቴ ሥር አንድ እንቅስቃሴ ጠበቅሁ። ትንሽ እንኳ ቢስቡ እኔ የቀረውን እሞላለሁ ብዬ። ጠበቅሁ። ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም። ሊስቡ እንደሚጥሩ ከአንገታቸው ሥር ይታየኛል፤ ከትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ጣቱ ላይ ግን ምንም አልደረሰም። ስለዚህ ተጫንሁ።

ተኩሱ ወጣ። ገደሉ ተቀበለው፣ ወዲያ ማዶው መለሰው፣ እንደገና ከታች ከወንዙ መጣ። ሴቶቹ ጆሯቸውን እንደደፈኑ እልል አሉ፤ እልልታው ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

አባቴ ጠመንጃውን ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት» አልኋቸው። «እኔ ገና አልተጫንሁም ነበር።»

ዓይኔን ብዙ አዩት። አዲስ የተላጨው ጉንጫቸው ላይ አንዲት እንባ ያለ ጢም፣ ያለ ከልካይ ወረደች።

«ይህ ምላጭ ፈጣን ነው» አሉ። «ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜ አይሰጥም። እሱ ቢሆን አይወደውም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ኖሩ። በቀብራቸው ላይ ተኩስ አልተሰማም። ቃል የገባላቸው ሰው ቀድሟቸው ሄዷል፤ ሌላ ሰው ልተኩስላቸው ቢለኝ አልፈቀድሁም። ጆሮዬን ሳልደፍን ቆሜ አፈሩን ሰማሁት። አሮጌውን ምላጭ በጨርቁ እንደተቋጠረ ከሳቸው ጋር አስቀበርሁት።

ጣሳውን ይዤው መጣሁ። ገብሱም እንዳለ ነው፤ ሁለት እፍኝ፣ ሁለተኛውም ያልሞላ። ሱቄ ውስጥ ከክብሪቱ በላይ ተቀምጧል። ገበያ በማይኖርበት ቀን አወርደውና ሲባጎውን በአመልካች ጣቴ ላይ አጠልቃለሁ። ያለ ምንም ጥረት ብድግ ይላል። አስቀምጠውና እንደገና አነሣዋለሁ።

ይህን ሳደርግ አንዳንዴ ደንበኛ ይደርስብኛል።

«እትዬ፣ ምላጭ አለ?»

«አለ፣ አለ» እላለሁ፤ ጣሳውን ቀስ ብዬ አስቀምጣለሁ።